የኮንጎ ወንዝ መልክዐ ምድርና የዳርቻው ሕዝቦች

በአፍሪካ ምድር ከሚፈስሱት ታላላቅ ወንዞች መካከል የኮንጎ ወንዝ በርዝመቱ ከዓባይ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ በውሃው ብዛት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ከሰሜን ዛምቢያ ደጋ ከሚነሣው ከቻምቤሺ ጀምሮ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ ያለው ርዝመት ወደ 4,700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ውሃውን የሚሰበስብበትም አገር ስፋት 3.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ባሕር የሚያፈስሰው ውሃ በመካከለኛ ግምት በያንዳንዱ ሴኮንድ 41,000 ሜትር ኩብ ስለሚደርስ፣ በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ከርሱ የሚልቀው የአማዞን ወንዝ ብቻ ነው። በዳርቻው የተዘረጋውም ዝናባማ ደን በስፋቱ ከአማዞን ደን ቀጥሎ የሚቈጠር ነው።

ስለዚህ ወንዝ በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፈው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ከባሕር ተነሥተው ወደ ውስጥ ለመግባት የደከሙ የባዕድ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ለነርሱ የተዘጋባቸውን አገር በገዛ ራሱም የተዘጋ አድርገው ቈጠሩት፤ በደኑ ውስጥ የሚኖሩትንም ሕዝቦች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ ንግድና ታሪክ የሌላቸው አስመስለው ገለጡአቸው። የወንዙ መልክዐ ምድር በጥንቃቄ ሲመረመር ግን የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኮንጎ በመካከሉ የተከፈተ፣ በአፉ የተዘጋ ወንዝ ነው። በመካከሉ የተከፈተ በመሆኑ ሕዝቦችን አገናኘ፤ በአፉ የተዘጋ በመሆኑ ደግሞ የበሩን ቍልፍ የያዘ ሁሉ በውስጡ ባለው ሀብትና በሰዉ ላይ ሥልጣን አገኘ። የወንዙ አካሄድ፣ የዳርቻው ሕዝቦች ኑሮ፣ የቋንቋቸውም አከፋፈል የሚተረጐመው በዚህ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ምንጩና አካሄዱ

የወንዙ አገር በአቀማመጡ ሰፊ ገበቴ ይመስላል፤ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ ነው። በምሥራቅ በኩል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ተራሮች ከዓባይ ይለዩታል፤ በደቡብ የካታንጋና የአንጎላ ከፍተኛ ሜዳዎች ይከቡታል፤ በምዕራብ ደግሞ ክሪስታል ተራሮች የሚባሉት ሰንሰለቶች ከባሕሩ ይጋርዱታል። በገበቴው ውስጥ የተሰበሰበው ውሃ ወደ ባሕር መውጣት የሚችለው ይህን የምዕራብ ጠርዝ ሰብሮ በማለፍ ብቻ ነው። የወንዙ ታሪክ ሁሉ ከዚህ አቀማመጥ ይነሣል።

የወንዙ ላይኛ ክንዶች ሁለት ናቸው። ርዝመቱ ሲለካ የሚታሰበው ቻምቤሺ፣ ከባንግዌሉ ሐይቅና ረግረግ ገብቶ ሉዋፑላ በሚባል ስም ይወጣል፤ የዛምቢያና የኮንጎ ወሰን ሆኖ ከፈሰሰም በኋላ ሙዌሩ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ሉቩዋ ተብሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል። ሁለተኛው ክንድ ሉዋላባ፣ ከካታንጋ ከፍተኛ ሜዳ ተነሥቶ በኡፔምባ ዝቅተኛ ምድር ያሉትን ሐይቆችና ረግረጎች አቋርጦ አንኮሮ በምትባል ሥፍራ ከሉቩዋ ጋር ይገናኛል። ከታንጋኒካ ሐይቅ የሚወጣው ሉኩጋም ከዚያ በታች ይጨመርበታል። በኡፔምባ ሐይቆች ዳር፣ ሳንጋ በሚባለው ሥፍራ፣ በ1957 እና በ1958 ዓ.ም. የተቈፈሩት መቃብሮች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሕዝብ ያሠራቸው የመዳብ ጌጦችና ያማሩ የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተውባቸዋል። መዳቡ የሚወጣው ከሐይቆቹ ሳይሆን ከደቡብ ስለሆነ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ከሩቅ አገር ጋር ይገበያዩ እንደ ነበር ይህ ብቻውን ምስክር ነው።

ሉዋላባ ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። ይህም አቅጣጫው ብዙ ሰው አሳስቶአል። ዳዊት ሊቪንግስቶን በ1871 ዓ.ም. በዳርቻው ከምትገኘው ከኛንግዌ ገበያ በደረሰ ጊዜ፣ ወንዙ ወደ ሰሜን መጕረፉን አይቶ የዓባይ ራስ መሰለው፤ ይህንንም ተስፋ እንደያዘ በ1873 ዓ.ም. ሞተ። በ1874 ዓ.ም. ከዚያው ሥፍራ የደረሰው ካሜሮን ግን የኛንግዌን ከፍታ ለክቶ፣ ሥፍራው ነጭ ዓባይ ከሚያልፍበት ከጎንዶኮሮ ይልቅ ዝቅ ያለ መሆኑን ተረዳ፤ ውሃ ወደ ላይ ሊወጣ ስለማይችልም ወንዙ ዓባይ አለመሆኑን ዐወቀ። ነገሩን በመጨረሻ የቈረጠው ስታንሌይ ነው፤ ከኛንግዌ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ፣ አብረውት ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹን በበሽታ፣ በረኀብ፣ በውጊያና በመስጠም ካጣ በኋላ በነሐሴ ወር 1877 ዓ.ም. በአትላንቲክ አቅራቢያ ካለችው ከቦማ ደረሰ።

ሉዋላባ የምድርን ወገብ ሊሻገር ሲቃረብ ቦዮማ የሚባሉት፣ ቀድሞ በስታንሌይ ስም ይጠሩ የነበሩት፣ ሰባት ፏፏቴዎች ይገጥሙታል። እነዚህም በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ተበትነው የሚገኙ ሲሆን፣ ውሃው በጠቅላላው 60 ሜትር ያህል ይወርድባቸዋል። ከመጨረሻው ፏፏቴ በታች የኪሳንጋኒ ከተማ አለች፤ ወንዙም ኮንጎ መባል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከተማይቱ በ1960 ዓ.ም. ስታንሌይቪል ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ ከዘመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮች አንድ ክፍል ሰፍሮባት ስለ ነበረ፣ ስሟ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

ከኪሳንጋኒ እስከ ኪንሻሳ ድረስ ያለው 1,700 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ምንም ፏፏቴ የለበትም። ወንዙ እንደ ቀስት ታጥፎ በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄድ የምድርን ወገብ ሁለተኛ ጊዜ ይሻገራል። በዚህ ሁሉ ርቀት የሚወርደው ከ120 ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ በብዙ ሺህ በሚቈጠሩ ደሴቶች መካከል እየተከፋፈለም ስፋቱ ከ10 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ሥፍራ አለ። ከቀኝ አሩዊሚ፣ ኡባንጊና ሳንጋ፣ ከግራ ሎማሚ፣ ሩኪና ካሳይ ይገቡበታል። ከነዚህም ታላላቆቹ ገባሮች ራሳቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በመርከብ የሚኬድባቸው ናቸው። ስለዚህ መካከለኛው ኮንጎ አንድ መንገድ ሳይሆን፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተዘረጋ የመንገዶች መረብ ነው ቢባል ትክክል ነው።

ውሃው የማይጐድልበት ምክንያት

ይህ መረብ ለሰው ልጅ የሚጠቅመው ውሃው ዓመቱን በሙሉ ስለሚገኝ ነው። የዚህም ምክንያት ወንዙ የምድርን ወገብ ሁለት ጊዜ በመሻገሩና ገባሮቹም ከወገቡ ግራና ቀኝ በመገኘታቸው ላይ ነው። ዝናብ አምጪው የደመና መቀነት ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ወደ ሰሜን በወጣ ጊዜ የኡባንጊ አገር ዝናብ ያገኛል፤ ጎርፉም በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይሞላል። ወደ ደቡብ በወረደ ጊዜ ደግሞ ካሳይና ሉዋላባ ይሞላሉ። አንዱ ሲጐድል ሌላው ስለሚተካው ዋናው ወንዝ ከቶ አይደርቅም፤ በኪንሻሳ ፊት ለፊት በታኅሣሥ አካባቢ ከፍተኛውን፣ በሚያዝያና በግንቦት ሁለተኛውን ሙላት ያሳያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝቅ ይላል።

በኪንሻሳ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተደረገው ልክ መሠረት፣ ከሁሉ ያነሰው የውሃ መጠን በሴኮንድ 22,000 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ ከሁሉ የበለጠው፣ በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ የታየው፣ ወደ 80,000 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይኸውም ልዩነቱ ከአራት ዕጥፍ አይበልጥም ማለት ነው። ውሃውን የሚያገኘው ከአንድ ክረምት ብቻ የሆነው የኢትዮጵያው ዓባይ ግን፣ ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት በነሐሴ የሚያፈስሰው ውሃ በሚያዝያ ከሚያፈስሰው ከሠላሳ ዕጥፍ በላይ ይሆን ነበር። ዓባይ የዳርቻውን ሕዝብ የሙላቱን ወር እየቈጠረ እንዲኖር አስገደደው፤ ኮንጎ ግን የዳርቻውን ሕዝብ በማናቸውም ወር እንዲጓዝ ፈቀደለት።

የመካከለኛው ወንዝ ሕዝቦች

በዚህ ውሃ ላይ የሚኖሩትን ሕዝቦች ተመልካቾች በሁለት ወገን ይከፍሉአቸዋል፤ የውሃ ሰዎችና የምድር ሰዎች። የምድር ሰዎች ደኑን መንጥረው ሙዝ፣ ካሳቫና በቆሎ ይተክላሉ፤ አደንም ያድናሉ። የውሃ ሰዎች ኑሮ ግን በታንኳና በመረብ የተመሠረተ ነው። ሁለቱ ወገኖች ያለ አንዱ አንዱ አይኖሩም፤ ዓሣ አጥማጁ የደረቀ ወይም በጢስ የተጠበሰ ዓሣ አቅርቦ ካሳቫ ይቀበላል፤ ገበሬውም ካሳቫውን ሰጥቶ ዓሣ ይወስዳል። ካሳቫና በቆሎ ራሳቸው ከአሜሪካ ምድር በፖርቱጋሎች መርከብ መጥተው ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ አውሮፓውያን ራሳቸው ከመግባታቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ እነዚህ እህሎች በደኑ መካከል መገኘታቸው፣ አገሩ የተዘጋ አለመሆኑን ያስረዳል።

የኑሮው ዘዴ እንደ ውሃው ጠባይ ይለያያል። በኪሳንጋኒ ፏፏቴ የሚኖሩት ዋጌኒያዎች በዐለቶቹ መካከል ወፋፍራም ግንዶች ተክለው፣ በግንዶቹ ላይ ትልልቅ ሾጣጣ ቅርጫቶች በሐረግ ገመድ ያንጠለጥላሉ፤ የውሃውም ኀይል ራሱ ዓሣውን ወደ ቅርጫቱ ይነዳላቸዋል። በኡባንጊና በኮንጎ መካከል ባለው በንጊሪ ረግረግ የሚኖሩት ሊቢንዛዎች ደግሞ በሙላት ጊዜ ደረቅ ምድር ስለማያገኙ፣ አፈር በእጃቸው ቈልለው በሠሩት ጕብታ ላይ ቤታቸውን ይሠራሉ፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሄዱትም በታንኳ ነው። ውሃው ሲጐድል በደኑ ውስጥ ኵሬዎች ይቀራሉ፤ በብዙ ሥፍራም ሴቶቹ ኵሬውን በጭቃ ገድበው ውሃውን በቅርጫት እየቀዱ በማፍሰስ የቀረውን ዓሣ ይለቅማሉ።

ከኪሳንጋኒ በታች የሚኖሩት ሎኬሌዎች በከበሮአቸው የታወቁ ናቸው። ከበሮው ቆዳ የለበሰ ሳይሆን ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት ከንፈሮቹ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። በሎኬሌ ቋንቋ የአንድ ቃል ፍች በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ስለሚለይ፣ ከበሮው የቃሉን ዜማ ብቻ በመምታት ንግግሩን ያስተላልፋል። ብዙ ቃላት አንድ ዐይነት ዜማ ስላላቸው እንዳይምታታ፣ መቺው ነጠላውን ቃል በተለመደ ረጅም ሐረግ ይተካዋል። መልእክቱም ከመንደር ወደ መንደር እየተቀባበለ በወንዙ ላይ ከታንኳ ይፈጥናል። ይህን ጥበብ ለብዙ ዓመት በዚያው የኖረው ጆን ካሪንግተን መርምሮ በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል። እርስ በርሱ የማይገናኝ ሕዝብ እንዲህ ያለ መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የወንዙን መረብ የተጠቀሙበት ቦባንጊዎች ናቸው። መነሻቸው በኡባንጊ መጋጠሚያ አካባቢ የሆነ ዓሣ አጥማጆች ሲሆኑ፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከኡባንጊ አፍ እስከ ማሌቦ ድረስ ያለውን የወንዝ ንግድ በእጃቸው አስገቡ። በብዙ ቀዛፊዎች በሚንቀሳቀሱ ረጃጅም ታንኳዎች የዝሆን ጥርስ፣ ለቀለም የሚሆን ቀይ እንጨት፣ የደረቀ ዓሣ፣ ካሳቫና ባሪያዎች ወደ ታች ያወርዱ ነበር፤ በምላሹም ጨርቅ፣ የናስ ሽቦ፣ ጠመንጃና ባሩድ ይዘው ይወጡ ነበር። ይህ ንግድ ሀብትን እንዳመጣ ሁሉ መከራንም አምጥቶአል። ከላይኛው አገር እየተገዙ ከወረዱት ባሪያዎች አንዳንዶቹ ወደ ባሕር ተሸጡ፤ ሌሎቹም በቦባንጊ ነጋዴዎች ቤት ቀርተው ቀዛፊና የቤተሰብ አባል ሆኑ። ሕዝቡም ቍጥሩን ይጠብቅ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በመውለድ ሳይሆን ሰውን በመግዛት ነበር።

የባሕሩ በር

ወንዙ ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ሲቃረብ ከኰረብታዎች መካከል ይጠብባል፤ ከዚያም በድንገት ተከፍቶ ማሌቦ የሚባለውን፣ 35 ኪሎ ሜትር የሚያህል ርዝመት ያለውን ሐይቅ መሰል ሥፍራ ይሠራል። በግራው ዳር ኪንሻሳ፣ በቀኙ ዳር ብራዛቪል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለት መናገሻ ከተማዎች በወንዝ ብቻ ተለያይተው እንዲህ የሚተያዩበት አገር ከዚህ በቀር ማግኘት ያስቸግራል።

ከማሌቦ በታች ወንዙ ጠባዩን ይለውጣል። እስከ ማታዲ ድረስ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ በሠላሳ ሁለት ፏፏቴዎችና በሚንደረደሩ ውሃዎች 270 ሜትር ያህል ይወርዳል። ለዘመናት በዝግታ የሄደው ውሃ ሁሉ በጠባብ የዐለት ገደል ውስጥ ስለሚጨመቅ፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ሥፍራ ከ200 ሜትር ያልፋል፤ በምድር ላይ ከተለኩት ወንዞችም ይህን የሚያህል ጥልቀት የተገኘበት የለም። ከማታዲ እስከ ባሕሩ ያለው 150 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ደግሞ ለታላላቅ መርከቦች የተመቸ ነው። ስለዚህ ኮንጎ ከዓባይና ከኒጀር የሚለየው የፏፏቴዎቹ ታላቅነት ብቻ ሳይሆን ያሉበት ሥፍራ ነው፤ ዋናው እንቅፋት የሚገኘው ከባሕሩ ደጅ ላይ ነው።

ወንዙ በባሕሩ ዳር ዴልታ አልሠራም። የሚያወርደው ደለል በአፉ ከመከማቸት ይልቅ ከወንዙ አፍ ጀምሮ በባሕሩ ወለል ላይ በተቈፈረ ጥልቅ ገደል ይወርዳል። በጥር ወር 2020 ዓ.ም. ከዚህ ገደል የተነሣ የደለል ጎርፍ በባሕሩ ወለል ላይ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፣ በዚያ የተዘረጉትን የመገናኛ ገመዶች በጥሶአል።

ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ካዎ በ1482 ዓ.ም. ከወንዙ አፍ በደረሰ ጊዜ፣ ከባሕሩ ጨዋማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቡናማ ጣፋጭ ውሃ የታላቅ ወንዝ ምልክት ሆነለት። በዳርቻው የነበረውም የኮንጎ መንግሥት፣ መናገሻው ምባንዛ ኮንጎ የነበረ፣ ንጉሥና ሹማምንት ያሉት ኀያል አገር ነበር። ዛይር የሚባለውም ስም ፖርቱጋሎች የኪኮንጎን ንዛዲ፣ ማለት ታላቅ ወንዝ፣ አጣምመው የጠሩት ነው። የካዎ መርከበኞች በማታዲ አቅራቢያ በዬላላ ዐለት ላይ ስማቸውን ቀርጸው ተመለሱ፤ ከዚያም በኋላ ወደ አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን አውሮፓውያን በወንዙ መንገድ ከዚያ ብዙም ወደ ላይ አልዘለቁም። በ1816 ዓ.ም. በታኪ አዛዥነት የተላከው የእንግሊዝ ጕዞም በዚሁ ፏፏቴ ተገትቶ፣ ታኪና ከጓደኞቹ ብዙዎቹ በበሽታ ሞቱ።

ነገር ግን በሩ ለመርከብ ቢዘጋም ለእግረኛ ክፍት ነበር። በማሌቦ ዳር የነበሩት ቴኬዎች ከቦባንጊዎች ዕቃውን ተቀብለው ለኮንጎ ሕዝብ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር፤ እነዚህም በሰልፍ እየተጓዙ ፏፏቴዎቹን በየብስ ዞረው ወደ ባሕሩ ያደርሱት ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ክፍል ብቻ ይይዝ ነበር እንጂ ከአገር ውስጥ እስከ ባሕር ድረስ ያለውን መንገድ የያዘ አንድም አልነበረም። የባሕሩ ነጋዴ የውስጡን አገር ያላወቀው ሰው ስለሌለበት ሳይሆን፣ በመካከሉ የቆሙት ደላሎች ጥቅማቸውን ስለሚጠብቁ ጭምር ነበር።

የበሩ መከፈት

ይህን ሰንሰለት የሰበረው የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ስታንሌይ በ1879 ዓ.ም. ለቤልጅጉ ንጉሥ ለዳግማዊ ሌዎፖልድ ተቀጥሮ ተመለሰና በፏፏቴዎቹ አጠገብ መንገድ አስጠረገ፤ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮም የእንፋሎት መርከቦች ተፈታተው በሰው ትከሻ እየተሸከሙ ማሌቦ ደርሰው እንደገና ተገጣጠሙ። ከዚያች ዕለት ወዲያ የወንዙ ጠባይ ለባዕዱ ያገለግል ጀመር፤ አንዲት መርከብ ከማሌቦ ላይ ከተነሣች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን የውሃ መንገድ ያለ አንዳች እንቅፋት ተከፈተላት። በ1884 እና በ1885 ዓ.ም. በበርሊን የተሰበሰቡት መንግሥታት በወንዙ ላይ መርከብ መንዳት ለሁሉ ነጻ እንዲሆን ወሰኑ፤ ወዲያውም አገሩ የኮንጎ ነጻ መንግሥት በሚባል ስም የሌዎፖልድ የግል ግዛት ሆነ።

የቀረው እንቅፋት ከማታዲ እስከ ማሌቦ ያለው የእግር መንገድ ነበር። በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሸክም በዚያ መንገድ ሲመላለስ፣ ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በግድ የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ መንደሮችም ተሸካሚነትን እየሸሹ ወና ቀሩ። ያለ ምድር ባቡር ይህ ሁሉ አገር ዋጋ እንደማይኖረው ስታንሌይ ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። የባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1898 ዓ.ም. አለቀ። ሠራተኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳር፣ ከካሪብ ደሴት ከባርቤዶስ፣ ከቻይናም ጠረፍ ከማካዎ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። መንግሥቱ ያመነው የሙታን ቍጥር 1,800 አፍሪካውያንና ሌሎች ሠራተኞች፣ 132 አውሮፓውያን ነው፤ እውነተኛው ቍጥር ግን ከዚህ በብዙ እንደሚልቅ ይታመናል።

ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ በወንዙ ላይ የወረደው ዋና ዕቃ ሕዝቡ በግዳጅ ከደኑ የሚለቅመው የጎማ ሙጫ ነበር። የተወሰነበትን ያላመጣ መንደር ይቃጠል፣ ሰዉም ይገደል ወይም እጁ ይቈረጥ ነበር። የዚህ ግፍ ወሬ በዓለም በመሰማቱ በ1908 ዓ.ም. የቤልጅግ መንግሥት አገሩን ከንጉሡ እጅ ወሰደ። ቦባንጊዎችም ንግዳቸውን በመርከቦቹ ተነጥቀው፣ መንደሮቻቸውም በበሽታ ተመትተው፣ የቀድሞ ኀይላቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ቀድሞ በብዙ ሕዝቦች እጅ የተከፋፈለው መንገድ በአንድ እጅ በገባ ጊዜ፣ አገናኝ የነበረው ውሃ የመዝረፊያ መሣሪያ ሊሆን ቻለ።

ወንዝና ቋንቋ

የወንዙ አቀማመጥ ዛሬም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በቋንቋዎች አከፋፈል ላይ ነው። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ቋንቋዎች ሲኖሩ፣ ብሔራዊ ተብለው የታወቁት አራት ናቸው፤ ሊንጋላ፣ ስዋሂሊ፣ ኪኮንጎና ቺሉባ። ሊንጋላ የተወለደው በመካከለኛው ወንዝ ሲሆን፣ መሠረቱ የቦባንጊ ነጋዴዎች ቋንቋ ነው። የእንፋሎት መርከብ መርከበኞች፣ ወታደሮችና ሚሲዮናውያን ተቀብለው አሰፉት፤ የቦባንጊ ኀይል ሲጠፋም ቋንቋው አልጠፋም። ከቦዮማ ፏፏቴ በላይ ባለው በሉዋላባ አገር ግን፣ ከዛንዚባር በመጡት ነጋዴዎች አማካይነት የገባው ስዋሂሊ ነገሠ፤ የነዚህም ታላቅ የነበረው ቲፑ ቲፕ በ1887 ዓ.ም. የፏፏቴው አገር ገዥ ሆኖ ተሹሞ ነበር። በታችኛው ፏፏቴ አካባቢ የሚነገረው ኪኮንጎ ነው። በካሳይ አገር ደግሞ ቺሉባ ይነገራል።

እንግዲህ የወንዙን ካርታና የቋንቋዎቹን ካርታ አንዱን በሌላው ላይ ያኖረ ሰው፣ ፏፏቴዎቹ ያሉባቸው ሥፍራዎች የንግድ ቋንቋዎቹ ከሚለያዩባቸው ሥፍራዎች ጋር እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን ያያል። ታንኳ ሳይወርድ ሳይራገፍ እስከሄደበት ድረስ አንድ የንግድ ቋንቋ ሄደ፤ ዕቃው ከታንኳ ወርዶ በትከሻ በተጫነበት ሥፍራ ቋንቋውም ተለወጠ። ኪሳንጋኒ ሊንጋላና ስዋሂሊ የሚደባለቁባት ከተማ የሆነችው የሁለቱ መንገዶች መገናኛ ስለሆነች ነው። ሕዝብን የሚለያየው ደን ወይም ወንዝ ሳይሆን፣ የመንገዱ መቋረጥ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

የዛሬው ጕዳይ

የፏፏቴው በር ዛሬም የክርክር ምክንያት እንደ ሆነ ነው፤ ሆኖም የሚፈለገው መተላለፊያነቱ ሳይሆን ኀይሉ ነው። ከማታዲ በላይ ባለው በኢንጋ፣ ወንዙ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል፤ ውሃውም በዓመት ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ ለኤሌክትሪክ ኀይል ይህን የመሰለ ሥፍራ በዓለም እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1972 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1982 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ የሁለቱ አቅም በጠቅላላው 1,775 ሜጋዋት ሲሆን፣ ሥፍራው በሙሉ ቢሠራበት 40,000 ሜጋዋት ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ባለሙያዎች ገምተዋል። ከዚህ የተነሣው መሥመር 1,700 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ለካታንጋ የመዳብ ማዕድን ኀይል ያደርሳል፤ በመሥመሩ ሥር ከሚኖሩት መንደሮች ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ በኩራዝ ያመሻሉ።

ሁለተኛው ጕዳይ በገበቴው መካከል ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በመካከለኛው ረግረግ ደን ሥር ውሃ ስለተኛበት ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፀዋት ፍራሽ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍንና 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንደያዘ አስታወቀ። ረግረጉ ቢደርቅ ወይም ቢቃጠል ይህ ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። እንዲሁም በጥር ወር 2024 ዓ.ም. ወንዙ በኪንሻሳ ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ከፍታ ደርሶ ብዙ ሰፈሮችን አጥለቅልቆአል። በ1961 ዓ.ም. ባዶ የነበሩት ዝቅተኛ ዳርቻዎች ዛሬ የብዙ ሕዝብ መኖሪያ ስለሆኑ፣ ያው የውሃ መጠን ከቀድሞው የበለጠ ጉዳት ያደርሳል።

በመካከለኛው ወንዝ ላይ ግን የጥንቱ ሥራ አልቀረም። በኪንሻሳና በኪሳንጋኒ መካከል ብዙ ጠፍጣፋ ጀልባዎች አንድ ላይ ታስረው በሞተር ሲገፉ፣ በላያቸው ነጋዴዎች፣ ፍየሎች፣ የካሳቫ ጆንያዎችና የደረቀ ዓሣ ተጭነው ሳምንታት ይጓዛሉ፤ ከየመንደሩም ታንኳዎች እየቀዘፉ ተጠግተው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉም። በመካከላቸው የሚሰማው ሊንጋላ ነው። የኮንጎን ሕዝቦች ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከባሕሩ በር ሳይሆን ከዚህ ቢጀምር ይጠቀማል፤ በሩን ብዙዎች ይዘውት፣ ብዙዎችም ተነጣጥቀውታል፤ በውስጡ ያለውን መንገድ የሠሩት ግን የዳርቻው ሰዎች ራሳቸው ናቸውና።